«የሰው ሶፍትዌር ጠጋኝ» ለተባለችው እህቴ

ደብዳቤሽን አነበብኩት። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀሻል፤ ከቴሌኮም ኔትወርክ መረጃ የሚሰበስቡ ሰርቨሮችን ሶፍትዌርና ደህንነት የሚጠብቅ ክፍል ሊቀጥርሽ ፈቅዷል። አባትሽ ግን «ኢንጂነር ሆነሽ የሰው ሶፍትዌር ጠጋኝ?» ብለው፣ ተበድረው የሰርጎ ገብነት ፍተሻ (በባለቤቱ ፈቃድ ሲስተም ሰብሮ በመግባት ድክመቱን የማሳየት ሥራ) ሰርተፍኬት ሊያስተምሩሽ አስበዋል። አንቺም እዚያ ከገባሁ ሙያዬ ይዝጋል ብለሽ ሰግተሻል።

«ጠጋኝ» የሚለው ቃል በንቀት ሲነገር ዝም ማለት አልችልም። ሰብሳቢው ሰርቨር የኔትወርኩን መሣሪያዎች፣ የየራውተሩንና የየስዊቹን፣ የይለፍ ቃል የያዘ ነው። ማን ለማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ማማ ሥር ሆኖ እንደደወለም እሱ ጋ ይገኛል። እሱን የያዘ ኔትወርኩን ያዘ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግ ፎር ጄ በሚባለው፣ የጃቫ ፕሮግራሞች የሥራ መዝገባቸውን (ሎግ) ለመጻፍ በሚጠቀሙበት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ላይ የተገኘውን የደህንነት ክፍተት አስቢ፤ የአደገኝነት ነጥቡ ከ10 አሥር ነበር። ላይብረሪው ወደ ሎግ በሚጽፈው ጽሑፍ ውስጥ በልዩ መልክ የተቀመጠ አድራሻ ሲያገኝ፣ ከዚያ ኮድ አምጥቶ ያስኬድ ነበር። የሰብሳቢ ሰርቨር ሥራ ደግሞ ሌሎች የላኩትን ጽሑፍ ቀን ከሌት መመዝገብ ነው! ላይብረሪው በሶፍትዌር ሻጭ ጥቅል ውስጥ ተቀብሮ ስለሚመጣ፣ የት የት እንዳለ የሚያውቀው የየሰርቨሩን ላይብረሪና ቨርዥን ዝርዝር የያዘ ጠጋኝ ብቻ ነው።

መጠገኑም ቢሆን አንድ ትእዛዝ መጻፍ አይደለም። ሰርቨሩን ለ20 ደቂቃ ብታቆሚው ምን ይጠፋል? የጥሪ መዝገብ ፋይሎች፣ ዲስኩ እስካልሞላ ድረስ፣ ጥሪ የሚያገናኘው ስዊች ላይ ይጠብቁሻል። መድረሱን በማያረጋግጠው የመላኪያ ዘዴ፣ በዩዲፒ፣ የሚመጡት የኤስኤንኤምፒ ትራፕ (የመሣሪያዎች ማስጠንቀቂያ) እና የኔትፍሎው (የትራፊክ ፍሰት) መረጃ ግን ተቀባይ ካጡ ቀሩ፤ ደግሞ የሚልካቸው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የፓቹን (ክፍተቱን የሚደፍነውን የማደሻ ፋይል) ሻ 256 ቁጥር፣ ማለትም ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያሳየውን አሻራ፣ ሻጩ ከሰጠው ጋር ታስተያያለሽ፣ ተጠባባቂውን ሰርቨር ታድሻለሽ፣ ሥራውን ወደ እሱ ታዞሪያለሽ፤ ዋናውን የምትነኪው ከዚያ በኋላ ነው። የመጨረሻውን የጥሪ መዝገብ ፋይል ተራ ቁጥርም ጽፈሽ ያዢ። ሲነሳ ከ4471 ቀጥሎ 4473 ከመጣ የአንድ ፋይል ሒሳብ ጎድሏል። 4471 ሁለቴ ከገባ ደግሞ ደንበኛው ለአንድ ጥሪ ሁለቴ ሊከፍል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ፓቹ «ተጭኗል» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል፤ ፕሮሰሱ (እየሠራ ያለው ፕሮግራም) ግን እንደገና ስላልተነሳ አሮጌውን ላይብረሪ ሜሞሪ ውስጥ እንደያዘ ይሠራል። በሊኑክስ የተከፈቱ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስኦኤፍ (lsof) የሚለውን ትእዛዝ ስታስኬጂ አሮጌው ላይብረሪ ባለበት መስመር ላይ «DEL» ወይም «deleted» (ተሰርዟል) የሚል ምልክት ካየሽ፣ ክፍተቱ ገና አልተዘጋም። ይህን አይቶ የሚያውቅ ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም።

የአባትሽ ፍቅር ይገባኛል፤ ብድሩ ግን ስህተት ነው፣ ይህንንም በግልጽ ንገሪያቸው። የሰርተፍኬት ወረቀት ብቻውን ዕዳ አይከፍልም። ሰርጎ ገብ ፈታሹ ደጋግሞ የሚጽፈው ግኝትም ያልታደሰ ሶፍትዌርና ያልተቀየረ የይለፍ ቃል ነው፤ አንቺ ያንን ከውስጥ ትማሪዋለሽ። ሁለት ዓመት ሠርተሽ አሁንም ፈተናው ካማረሽ ከደሞዝሽ ክፈዪ።

ስለ ሌሊት ፈረቃው ለጠየቅሽኝ፦ አለ፣ ማደሻ ሰዓቱ ሌሊት ነው። ፕሮግራሚንግ ደካማ ነኝ ላልሽው፦ ባሽና ፓይተን የሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ለመጀመሪያው ዓመት ይበቁሻል።

ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። ፓች የሚሞከርበት የተለየ ሰርቨር አለ? ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂ) መልሶ የማንሳት ሙከራ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው መቼ ነው? ሻጩ ለያዙት ቨርዥን ፓች ማውጣት የሚያቆመው መቼ ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ ቀን ጠቅሶ የሚመልስ አለቃ ካገኘሽ ፈርሚ።