ጥቁሩን ቱቦ ቤት ተዉት

ለምትስሉ ልጆቼ፣

ሥራችሁን በስልክ ስትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ሰኞ ላሊበላ፣ ማክሰኞ ፓሪስ፣ ረቡዕ ጣና፣ ሁሉም ከፎቶ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩና አልቆጣም።

እዚህ ቺካጎ ስመጣ ዓይኔን ያቀናልኝ በሕይወት የሌለ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የሞተው ሰዓሊ ፍራንክ ደድሊ። ብርሃኑንና ቀለሙን በዚያች ሰዓት እንደታያቸው የሚሥሉትን የኢምፕሬሽኒስቶችን መንገድ ይዞ፣ ሸራውን ደጅ አቁሞ ይሥል ነበር። የሣለውም በአብዛኛው አንድ አገር ነው፤ ኢንዲያና ውስጥ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ያሉትን የአሸዋ ኮረብቶችና ጫካቸውን፣ ለዐሥርት ዓመታት። ኮረብቶቹ መሐል ትንሽ ጎጆ ነበረችው። ቦታው የመንግሥት ፓርክ ከሆነ በኋላ ኪራዩን የሚከፍለው በዓመት አንድ ትልቅ ሥዕል በማስረከብ ነበር። (የኔ አከራይ ይህን ሰምቶ ሳቀብኝ።)

እ.ኤ.አ. በ1918 እነዚህን ሥዕሎች በቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት አሳየ። የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችንን ያቋቋሙት ጋሽ አለ ፈለገ ሰላም በኋላ የተማሩት እዚያው ነው። ጊዜው ደግሞ አሸዋው በባቡር የሚጫንበት ነበር፤ ሁዚየር ስላይድ የሚባለውን 60 ሜትር ገደማ ከፍታ የነበረው ኮረብታ ለመስታወት ሥራ ዝቀው ጨርሰውታል። ዛሬ ሄዳችሁ ብትፈልጉት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው የምታገኙት።

የተረፈውን ግን በእግር እዩት። ውሃው ዳር ሣር ብቻ ነው። ትንሽ ገባ ሲሉ ጥድ ይመጣል፤ ከኋላ ደግሞ ጥቁር ኦክ የሚሉት ዛፍ ጫካ ሆኗል። በውሃው በኩል ያለው አሸዋ ገና ትኩስ ነው፤ ጫካ ያበቀለው ያረጀው ነው። ሄንሪ ካውልስ የተባለ የዕፀዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1899 ይህንኑ ጽፏል። ሰዓሊም ይህን ካላወቀ ጥዱን ያለ ቦታው ይተክለዋል፤ እኔ ተክዬዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የኦኩን ጥላ በጥቁር ቀለም ሞላሁት። አሸዋው ላይ ጉድጓድ የተቆፈረ መሰለ። ተበሳጭቼ ብሩሼን አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁ። ጥላው ጥቁር አይደለም። ፀሐይ ባይደርስበትም ሰማዩ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ ላይ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። አጠገቡ ያለው ፀሐይ የመታው አሸዋ ደግሞ ነጭ አይደለም፤ የተቆላ ሽምብራ ዱቄት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳታሹ ብታስቀምጧቸው ብርሃኑ ራሱ ይመጣል። ፎቶው ግን ጥላውን ጥቁር አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ።

አንድ ቦታ ምረጡ። እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ይሁን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ግድ የለኝም። ሁለት ትንንሽ ሸራ ያዙ፤ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የከሰዓት። ከጀመራችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ጥላው ዞሯልና አቁሙ፤ ነገ በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ጥቁሩን የቀለም ቱቦ ቤት ተዉት። በሳምንቱ ይሰለቻችኋል። እሱ ደግ ነው፤ ከሰለቻችሁ በኋላ ነው ቅጠሉ አረንጓዴ ብቻ እንዳልሆነ የምታዩት።

ሸራውንም እሰሩት። እኔ አላሰርኩም ነበር፤ ከሐይቁ የመጣ ነፋስ አንስቶ በፊቱ አሸዋው ላይ ደፋው። አሁን ሳሎን ተሰቅሏል፤ ቀኝ ጎኑ ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስላል። ልጄ በመጣች ቁጥር በጥፍሯ ትፍቀዋለች። ቀለሙ አብሮ ስለደረቀ አይለቅም።