የኬብል ቴሌቪዥን ካቋረጡ በኋላ፦ ቤተሰብ በአነስተኛ ወጪ የሚያየውን ስለማግኘት ጥያቄና መልስ

የኬብል ቴሌቪዥን ውላቸውን ያቋረጡና ለማቋረጥ በማሰብ ላይ ያሉ ሰዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በየተራ እመልሳለሁ። አንቴና፣ ዲሽና ሪሲቨር በመግጠም ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለቆየሁ፣ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚባክነው መሣሪያ በመግዛት ሳይሆን ሳይስተዋል በየወሩ በሚቆረጥ ክፍያ መሆኑን ደጋግሜ ተመልክቻለሁ፤ መልሶቼም በአብዛኛው ወደዚያው ያመዝናሉ።

ጥያቄ፦ ኬብሉን ያቋረጥነው ወጪ ለመቀነስ ነበር። አሁን ግን እኔ ለፊልም፣ ባለቤቴ ለተከታታይ ድራማ፣ ልጆቹም ለካርቱን እያልን ሦስት የስትሪሚንግ (በኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያሳዩ) አገልግሎቶች ላይ ስለተመዘገብን፣ የወሩ ክፍያ ሲደመር ከቀድሞው ብዙም አልቀነሰም። የትኛውን ብናስቀር ይሻላል?

መልስ፦ ከመወሰንዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ያየውን በወረቀት ይመዝግቡ። ማየት የሚፈልገውን ሳይሆን ቁጭ ብሎ ያየውን ማለቴ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፣ ከሦስቱ አንዱን ማንም እንዳልከፈተውም ሊያገኙ ይችላሉ። ከዚያ ወዲያ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መያዝ አያስፈልግም። እነዚህ አገልግሎቶች ከኬብል ውል የሚለዩበት ዋናው ጥቅም በወር የሚከፈሉና በማንኛውም ጊዜ የሚቋረጡ መሆናቸው ነው፤ ይህን ጥቅም የማይጠቀምበት ሰው ኬብሉን በሌላ ስም መልሶ ወደ ቤቱ አስገብቶታል ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዱን ለአንድ ወይም ለሁለት ወር ይያዙ፣ ያሰባችሁትን አይታችሁ ስትጨርሱ ያቋርጡት፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ይሻገሩ። ድራማው በየሳምንቱ አንድ ክፍል የሚለቀቅ ከሆነ ደግሞ፣ ክፍሎቹ ሁሉ እስኪወጡ ታግሶ በአንድ ወር ክፍያ ማየት ይቻላል። ማቋረጡን እረሳለሁ ብለው ከሰጉ በተመዘገቡበት ዕለት ያቋርጡት፤ አብዛኞቹ አገልግሎቶች የተከፈለበት ወር እስኪያልቅ ድረስ ማየት አይከለክሉም። በአንድ ጊዜ የሚከፈል የዓመት ክፍያ ቅናሽ ቢኖረውም፣ ዓመቱን ሙሉ እንደምታዩት እርግጠኛ ካልሆኑ በስተቀር አልመክርም።

ጥያቄ፦ አንቴና ዛሬም ይሠራል? ሻጩ አሮጌው አንቴናችን ለዲጂታል ስርጭት አይሆንም፣ «ኤች.ዲ. አንቴና» መግዛት አለባችሁ ብሎናል።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ከአንድ ጊዜ ወጪ በኋላ ምንም ወርሃዊ ክፍያ የማይጠይቅ፣ ኢንተርኔትም የማያስፈልገው መንገድ ይህ ነው። አንቴና ሞገድን የሚቀበል ብረት ነው፤ ሞገዱ የተሸከመው ምስል ዲጂታል ይሁን አናሎግ፣ ጥራቱም ከፍ ያለ ይሁን ዝቅተኛ ለይቶ አያውቅም። በየጣሪያው የምናየው ባለ ብዙ ዘንግ ያጊ አንቴና እ.ኤ.አ. በ1926 በጃፓን የተፈለሰፈ ነው፣ ዛሬም ያለ ችግር ያገለግላል። የተለወጠው ስርጭቱ ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ትልልቆቹ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009፣ በብሪታንያም በጥቅምት 2012 አናሎግን ሙሉ በሙሉ ትተው ወደ ዲጂታል ዞረዋል። ስለዚህ መጣራት ያለበት የአንቴናው ዓይነት ሳይሆን፣ ቴሌቪዥንዎ በአገርዎ የሚሠራበትን የዲጂታል ስርጭት ደረጃ መቀበል መቻሉ ነው። ደረጃዎቹ እንደየአገሩ ዲ.ቪ.ቢ.-ቲ.2፣ ኤ.ቲ.ኤስ.ሲ. ወይም አይ.ኤስ.ዲ.ቢ.-ቲ. ይባላሉ፤ የቴሌቪዥኑ መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የማይቀበል ከሆነ አነስተኛ መቀበያ ሳጥን መግዛት ብቻ ይበቃል።

ከአንቴናው ዋጋ ይልቅ ለቦታው ይጨነቁ። ዛሬ አብዛኛው ስርጭት የሚተላለፍበት ዩ.ኤች.ኤፍ. የተባለው የሞገድ ክልል ከ470 ሜጋ ኸርዝ ወደ ላይ የሚጀምር ሲሆን፣ በዚህ ድግግሞሽ የሞገዱ ርዝመት 64 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ አጭር ሞገድ ኮረብታና ወፍራም ግድግዳ በቀላሉ ያግዱታል። ስለዚህ ከቤት ውስጥ ይልቅ መስኮት አጠገብ፣ ከመስኮት ይልቅ ደግሞ ጣሪያ ላይ፣ ፊቱ ወደ ማሰራጫው ማማ ዞሮ ቢቀመጥ ይሻላል። የዲጂታል ስርጭት ጠባይ ከአናሎግ የተለየ መሆኑንም ይገንዘቡ፦ ምልክቱ ሲደክም ምስሉ ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፤ መጀመሪያ እዚህም እዚያም በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሰባበራል፣ ከዚያ ድንገት ይጠፋል። አንቴናውን ጥቂት ካዞሩት በኋላ ቴሌቪዥኑ ቻናሎቹን እንደገና እንዲፈልግ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያደርጉ «አይሠራም» ብለው አንቴናውን የጣሉ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ፦ በዚሁ ላይ ለመጨመር ያህል፣ አንዱን አንቴና ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ስናካፍለው ቻናሎች ጠፉብን። ማጉያ ብንገዛ ይስተካከላል?

መልስ፦ ሊስተካከል ይችላል፣ ነገር ግን እንደ አቀማመጡ ነው። ባለ ሁለት መውጫ ማካፈያ ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን ከኃይሉ ግማሹን እንኳ አያደርስም፣ ረጅም ገመድም ተጨማሪ ይቀንሳል። ማጉያው ከአንቴናው ሥር፣ ከማካፈያው በፊት መቀመጥ አለበት፤ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ቢያስቀምጡት በመንገድ ላይ የተበላሸውን ምልክት ከነብልሽቱ ነው የሚያጎላው። ከመግዛትዎ በፊት ግን ገመዱን ይፈትሹ፦ ባለ 75 ኦም ኮአክሲያል (የተለመደው ክብ የአንቴና ገመድ) መሆኑን፣ ጫፎቹ ዝገት ወይም ውኃ ያልገባባቸው መሆናቸውን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከማሰራጫ ማማ በጣም ርቀን ነው። የዲሽ ነፃ ቻናሎች ያዋጣሉ?

መልስ፦ አዎን፣ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ እንዲያውም ቀዳሚው ምርጫ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ከእኛ አንጻር ቆሞ እንዳለ ይቆጠራል፤ ዲሹ አንድ ጊዜ በትክክል ከተስተካከለ ካልተነቃነቀ በስተቀር ሌላ ሥራ የለውም። ያለ ካርድና ያለ ክፍያ የሚታዩትን ቻናሎች ብቻ የሚቀበል ተራ ሪሲቨር ይበቃል፤ የሳተላይት መቀበያ በውስጡ ያለው ቴሌቪዥን ከሆነም ሪሲቨሩ ራሱ አያስፈልግም። አስቀድመው መጠየቅ ያለብዎ በአካባቢዎ የትኛው ሳተላይት በቤተሰብዎ ቋንቋ ብዙ ነፃ ቻናል እንዳለው ነው።

ጥያቄ፦ የኢንተርኔት ፓኬጃችን የተወሰነ ነው፤ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ፊልም ማየት ምን ያህል ዳታ ይወስዳል?

መልስ፦ ርካሽ ያሉት እይታ ውድ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ኔትፍሊክስ ለተጠቃሚዎቹ እንደገለጸው፣ ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ባይት፣ 4ኬ የተባለው እጅግ ጥርት ያለ ምስል እስከ 7 ጊጋ ባይት፣ መካከለኛው ደረጃ ደግሞ እስከ 0.7 ጊጋ ባይት ይጠቀማል። በቀን ሁለት ሰዓት የሚያይ ቤተሰብ በወር 60 ሰዓት ያያል፤ ይህ በከፍተኛ ጥራት እስከ 180 ጊጋ ባይት፣ በመካከለኛ ጥራት ግን እስከ 42 ጊጋ ባይት ነው። መጠነኛ ስፋት ባለው ቴሌቪዥን ላይ፣ በተለይ ለልጆች ካርቱን፣ የጥራቱ ልዩነት የዳታውን ልዩነት ያህል አይታይም። ስለዚህ በእያንዳንዱ አገልግሎት ቅንብር ውስጥ ገብተው ጥራቱን ራስዎ ይወስኑ፤ «አውቶማቲክ» ላይ የተተወ እንደሆነ መስመሩ የፈቀደውን ያህል ይስባል። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ የሚጀምረውንም ያጥፉት፤ ሰው ተኝቶ ሳለ የሚፈስ ዳታ ለማንም አይጠቅምም። አቅራቢዎ የሌሊት ፓኬጅ በቅናሽ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የነገውን ፊልም ሌሊት አውርደው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም የክፍያ ቻናሎችና አዳዲስ ፊልሞች አንድ ጊዜ ከፍለው ለዘላለም የሚያሳይ ሳጥን ጎረቤታችን ገዝቶ በጣም አመስግኖታል። እኛም ብንገዛስ?

መልስ፦ እባክዎ አይግዙ። የሌሎችን ሥራ ያለ ፈቃድ የሚያሳይ መሆኑ አንድ ነገር ሆኖ፣ ለቤተሰብዎ የሚያመጣው አደጋ እኔን ይበልጥ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ ሶፍትዌሩ በርካሽ የቴሌቪዥን ሳጥኖችና መሰል ዕቃዎች ውስጥ ከመሸጣቸው በፊት፣ ወይም በመጀመሪያው ማስተካከያ ወቅት በሚወርዱ መተግበሪያዎች በኩል ገብቶ፣ የቤቱን ኢንተርኔት ለወንጀለኞች መተላለፊያ ያደርገዋል። የቤተሰቡ ስልኮችና የባንክ ሂሳብ የሚከፈትበት ኮምፒውተርም ከዚያው ዋይፋይ ጋር የተገናኙ ናቸው። «ለዘላለም» የተባለው አገልግሎትም ሰርቨሩ በተዘጋ ቀን ያበቃል፣ ገንዘብዎን የሚመልስልዎ ሰውም አያገኙም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚታይ ምን አለ?

መልስ፦ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ አለ። ቱቢና ፕሉቶ ቲቪ ማስታወቂያ እያሳዩ ፊልሞችን ያለ ክፍያ ያቀርባሉ፤ በሁሉም አገር አይከፈቱም እንጂ። የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ካዘጋጃቸው አጫጭር አኒሜሽኖችና ዘጋቢ ፊልሞች ብዙዎቹን በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል፤ ብዙዎቹ ንግግር ስለሌላቸው የቋንቋ ችግር አይፈጥሩም፣ ለዚህም ለልጆች ካሉ ሀብቶች ሁሉ እኔ የማስቀድማቸው ናቸው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ፕላስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2023 የተጀመረ ሲሆን ምዝገባም ማስታወቂያም የለውም። ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የኢንተርኔት ማኅደር ላይ የቅጂ መብታቸው ያበቃ የድምፅ አልባው ዘመን ፊልሞች ይገኛሉ። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአባልነት ካርድ ያለው ሰው ካኖፒ በተባለ አገልግሎት ፊልም ያለ ክፍያ ማየት ይችላል፤ ዲቪዲ የሚያውሱም አሉ። ቤተ መጻሕፍትዎን ሄደው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን ዩቲዩብ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገሩ ምን እንደሚያዩ መቆጣጠር አቃተን።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዩቲዩብ ኪድስ ወላጅ የመረጣቸውን ቪዲዮዎችና ቻናሎች ብቻ የሚያሳይ ቅንብር አለው፤ ሲከፈት መፈለጊያው ይዘጋል። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ሌላ ቅንብር አላስብም። ከዚያ የተሻለውም ዘዴ፣ በተለይ ዳታ ለሚያጥራቸው፣ የራስዎን ትንሽ የፊልም ማከማቻ ማበጀት ነው፦ በሕጋዊ መንገድ ያገኟቸውን ፊልሞችና በስልክ የተቀረጹ የቤተሰብ ቪዲዮዎችን በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ አድርጎ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ይበቃል። በቤት ውስጥ ላሉት ስክሪኖች ሁሉ ማዳረስ ቢፈልጉ ጄሊፊን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይቻላል። ልጆች የወደዱትን ደጋግመው ማየት ስለማይሰለቻቸው፣ በጥንቃቄ የተመረጡ ጥቂት ፊልሞች ረጅም ጊዜ ያገለግላሉ።

ጥያቄ፦ የቀጥታ ስፖርትስ?

መልስ፦ በዚህ ረገድ ርካሽ መንገድ ጠባብ ነው፤ የውድድሮች መብት ውድ ስለሆነ አብዛኛው በክፍያ ቻናል ነው የሚተላለፈው። ትልልቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ግን በብዙ አገሮች በነፃ ጣቢያዎች ስለሚቀርቡ አንቴናው ወይም ዲሹ ይጠቅማል። ለሊግ ጨዋታ መክፈል ግድ ከሆነ ውድድሩ ባለባቸው ወራት ብቻ ይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ቴሌቪዥናችን ስማርት አይደለም። አዲስ መግዛት ግድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የኤች.ዲ.ኤም.አይ. ቀዳዳ ካለው፣ ቀዳዳው ላይ ተሰክቶ የኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያሳይ፣ ከታወቀ አምራች የተገዛ አነስተኛ የስትሪሚንግ ስቲክ ይበቃል። ስቲኩን ከራሱ ቻርጀር ጋር ያገናኙት፤ የቴሌቪዥኑ ዩ.ኤስ.ቢ. ብዙ ጊዜ በቂ ኃይል ስለማይሰጥ እየጠፋ ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ አብረውን የሚኖሩት አባቴ የቻናል ቁጥር ተጭነው ማየት ነው የለመዱት። አዲሱ አሠራር ግራ ስላጋባቸው ቴሌቪዥን ማየት ትተዋል።

መልስ፦ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ርካሽ የተባለው ለውጥ በአንድ ሽማግሌ ኪሳራ መሆን የለበትም። አንቴናውን ወይም ዲሹን ያስገቡና ቴሌቪዥኑ ሲበራ በቀጥታ ወደዚያ እንዲከፈት ያድርጉ፤ ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች ይህን የሚወስን ቅንብር አላቸው። ከዚያ የሚወዷቸውን ቻናሎች ከ1 ጀምሮ በቅደም ተከተል ያሰልፉላቸው፤ ቀሪው ቤተሰብ ስትሪሚንግ ሲፈልግ በሪሞት ወደ ሌላው ይለፍ፣ ሲጨርስም ይመልሰው። ጣቢያዎች አንዳንድ ጊዜ ድግግሞሻቸውን ስለሚለውጡ፣ ቻናል ጠፋ ባሉ ጊዜ ቴሌቪዥኑ እንደገና እንዲፈልግ ማድረጉንና ቁጥሮቹን መልሶ ማሰለፉን የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር።