እናትሽ በኑዛዜ ለቤተ ክርስቲያን ንብረት መተው ከፈለጉ፦ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዳትቀር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ፒያሳ የሚኖሩት የ78 ዓመት እናትሽ ከቤታቸውና ከባንክ ገንዘባቸው የተወሰነውን ለቁምስናቸው (ለካቶሊክ ደብራቸው) እና ስድስት ኪሎ ላለው የማዘር ተሬዛ ቤት መተው ይፈልጋሉ፤ ለሟች አባትሽም ቅዳሴ እንዲደረግ ማዘዝ ያስባሉ። እናንተ ልጆች አራት ናችሁ፣ አንዱ ውጭ ነው። በቁምስናችን የአረጋውያንን ኑዛዜ በማዘጋጀት ስለምረዳ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

1. በቅድሚያ የእናትሽ ድርሻ ይለይ። ቤቱ የተፈራው በትዳር ውስጥ ከሆነ ግማሹ የአባትሽ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚስት የባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደለችም፤ አባትሽ ኑዛዜ ካልተዉ በቀር የሳቸው ግማሽ የእናንተ የልጆቹ ነው፣ ካርታው በእናትሽ ስም ቢሆንም። «ቤቴን ለቤተ ክርስቲያን» ብለው ቢጽፉ የሚጸናው በራሳቸው ግማሽ ላይ ብቻ ነው። የአባትሽ የወራሽነት ማረጋገጫ ካልወጣ አሁኑኑ ከከተማው ፍርድ ቤት አውጡ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ የመንግሥት ነው፣ በኑዛዜ አይተላለፍም።

2. አጻጻፉ። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ እባክሽ ልብ ብለሽ አንብቢ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት ይላል። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡና ቀኑ በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት። «ይህ ኑዛዜ ዛሬ በዚህ ቀን በእኔ በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ ፈርመናል» የምትል ዓረፍተ ነገር ከሌለች፣ አራቱም ምስክሮች ቀርበው «አዎ፣ ተነቧል» ቢሉ እንኳ ተቃዋሚ ወራሽ ያፈርሰዋል። ሁሉም እዚያው ወዲያው ይፈርሙ። አንዱ ምስክር «ነገ መጥቼ እፈርማለሁ» ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ። ምስክሮቹ አካለ መጠን የደረሱ፣ የሚሰሙና ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቁ ይሁኑ፤ በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ከመካከላቸው አይኑር።

ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ብታስመዘግቡት ይሻላል። ቁጥር 882 ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል የሚያዋውል ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል ይላል፤ እኔ ግን አራቱንም ይዛችሁ ሂዱ እላለሁ፣ ክርክር ይዘጋል። በዕድሜያቸው ምክንያት አእምሯቸው ጤነኛ ስለመሆኑ የሐኪም ማስረጃ በዚያው ሰሞን አውጡ። አንዲት እናት በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት «ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ልጆችሽ መጥተው ይስማሙ» ተብለው በምርኩዛቸው ተመልሰዋል። ይሄ ነውር ነው! ኑዛዜ የተናዛዡ የግል ሥራ ነው፣ የልጅ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ የለም። እንዲህ ካሏችሁ አንቀጹን በጽሑፍ ይስጡን በሉ።

እናትሽ በእጃቸው ልጻፍ ካሉ ሙሉውን ራሳቸው ይጻፉት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይጥቀሱ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያኑሩ። በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሻራል። የቃል ኑዛዜማ አያዋጣም፤ አልጋ ላይ ሆነው በሁለት ሰው ፊት ቢናገሩ እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር ማለፍ አይችልም።

«ንብረቴን በሙሉ ለቤተ ክርስቲያን» የሚለውም ያሰቡትን አያደርግም። እንዲህ ሲባል ልጆች ከውርስ አይነቀሉም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደ አንድ ልጅ ተቆጥራ ከአራታችሁ ጋር አንድ አምስተኛ ትካፈላለች። ስለዚህ ለማን ምን እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ፣ ውጭ ያለው ወንድማችሁም በስሙ ይጠቀስ። የባንኩን ገንዘብ በብር ቁጥር ሳይሆን በመቶኛ ያድርጉት፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር የት እንደደረሰ ታዩታላችሁ። ፒያሳ ስለሆናችሁ ደግሞ «ቤቱ ለልማት ቢነሳ ካሣው ወይም ምትኩ በዚሁ ድርሻ ይከፈል» የሚል ይጨመር።

ተቀባዩን በተመለከተ፦ «ለአባ እገሌ» ተብሎ እንዳይጻፍ። ሟች ከመሞታቸው በፊት ባሉት ስድስት ወራት መንፈሳዊ አገልግሎት ለሰጣቸው ካህን የተተወን ስጦታ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል። ስጦታው ለሀገረ ስብከቱ ይሁን፣ «ለእገሌ ቁምስና አገልግሎት» የሚል ዓላማ ይጻፍበት፤ ሕጋዊ ስሙን ከጽሕፈት ቤታቸው በደብዳቤ ተቀበሉ። የማዘር ተሬዛ ሲስተሮችንም በተመዘገቡበት ስም።

ቅዳሴውን «ለዘላለም» አትበሉ። ገንዘቡ ያልቅና ግዴታው ይቀራል፤ ለዚህ ነው በ1990 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና (የቤተ ክርስቲያን ሕግ) ለቅዳሴ ተብሎ የሚተውን እንዲህ ያለ ገንዘብ ለመቀበል የጳጳሱን የጽሑፍ ፈቃድ የሚጠይቀው። ዓመቱን ወስኑ፣ በዓመት ስንት ቅዳሴ እንደሆነና ከየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል ጻፉ፣ ቆሞሱን (የቁምስናውን አስተዳዳሪ ካህን) አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

የውርስ አጣሪ፣ ማለትም ውርሱን አጣርቶ የሚያከፋፍል ሰው፣ በኑዛዜው ውስጥ ይሰየም፤ ከአራታችሁ አንዱ ባይሆን እመርጣለሁ። ምስክሮቹ ከእናትሽ በዕድሜ የሚያንሱ ይሁኑ። አንድ ዋና ቅጂ ውልና ማስረጃ፣ አንድ ሀገረ ስብከቱ ጋ፣ አንድ አጣሪው እጅ ይቀመጥ።