ዋይፋዩ ይዟል፣ ገጹ ግን አይከፈትም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አባይ ማዶ ነው። በቅርቡ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር። ባትሪው የሞተ ስለሆነ የሚሠራው ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ብቻ ነው። ሌላው ነገሩ ግን ደህና ነበር። ሰሞኑን መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ኢንተርኔት እምቢ አለኝ። ዋይፋዩን ይይዛል፣ "ኮኔክትድ" ይላል፤ ግን ጎግልም፣ ፌስቡክም፣ ኢሜይልም አይከፍትም። የሆነ ቀይ ምልክት ያመጣና ያቆማል። እህቴ በዚያው ዋይፋይ በስልኳ ቪዲዮ ታያለች። ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ዋይፋዩንም "ፎርጌት" ብዬ ፓስወርዱን እንደ አዲስ አስገብቻለሁ። ላፕቶፑ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ያመጣና ኤፍ 1 ተጫን ይለኛል፤ ስጫን ያልፋል። ቀኑም ስለሚጠፋበት በየጊዜው እኔው እሞላለታለሁ። ጥገና ቤት ብወስደው "ፎርማት ይደረግ" አሉኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጡ ስላለ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?
መ. (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ ፎርማት እንዳታስደርግ! እንኳንም ፈራህ። ደብዳቤህ ውስጥ ለፎርማት የሚያበቃ ነገር አላየሁም። ፎርማት ቢደረግም መብራት በሄደ ማግስት ችግሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ጽሑፍህ ግን አይመለስም። በነገራችን ላይ፣ ይህን አምድ አንብበህ ሳትጨርስ ጽሑፍህን ፍላሽ ላይ ገልብጠው።

መልሱ ያለው እንደ ዋዛ ጣል ባደረግካት ነገር ውስጥ ነው። ቀኑን እኔው እሞላለታለሁ ብለሃል። ዓመቱን ስንት ብለህ ነው የሞላኸው? 2018 ካልክ ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ደጋግሞ ይገጥመኛል። ባለቤቱ ቀኑን ያያል፣ 2018 ይላል፣ "ልክ ነው" ብሎ ያልፋል። በኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ላፕቶፑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። የኛ ሚያዝያ 2018 ለሱ ኤፕሪል 2026 ነው። ወሩንም በኛ ቆጥረህ 8 ካልከው ደግሞ ኦገስት ውስጥ ከተህለታል። ባጭሩ፣ ላፕቶፕህ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ይሄ ከዋይፋይ ጋር ምን አገናኘው ትለኝ ይሆናል። ከዋይፋዩ ጋርማ አይገናኝም፤ "ኮኔክትድ" የሚልህም ለዚህ ነው። ጣጣው ያለው ከድረ ገጾቹ ጋር ነው። አድራሻቸው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ገጾች፣ ዛሬ ሁሉም ናቸው ማለት ይቻላል፣ ከመከፈታቸው በፊት ለብራውዘርህ (ገጹን ለሚከፍትልህ ፕሮግራም) ሰርተፍኬት ያሳያሉ። ሰርተፍኬቱ ልክ እንደ ቀበሌ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ዕድሜውም አጭር ነው። በ2020 (በፈረንጆቹ) ትልልቆቹ ብራውዘሮች የአዲስ ሰርተፍኬት ዕድሜ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ አድርገው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ይበልጥ አጥሯል። ብራውዘሩ ታዲያ ቀኑን የሚያመሳክረው ከላፕቶፕህ ሰዓት ጋር ነው። ላፕቶፑ 2018 ላይ ተቀምጦ በ2026 የተሰጠ ሰርተፍኬት ሲቀርብለት "ይሄ ቀኑ ገና አልደረሰም" ይልና ይዘጋዋል። የእህትህ ስልክ ቀኑን ከኔትወርኩ ስለሚወስድ ይህ ሁሉ አይነካውም።

የምትጠቀመው ክሮም ከሆነ ያ ቀይ ምልክት ሥር "ዩር ክሎክ ኢዝ ቢሃይንድ" የሚል ጽሑፍ ሳይኖር አይቀርም። ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል እያለህ ነው። አንዳንዱ ብራውዘር ደግሞ "ዩር ኮኔክሽን ኢዝ ኖት ፕራይቬት" ይልና ከታች በደቃቁ የቀን ችግር መሆኑን ይጽፋል። ሰው ቀይ ነገር ሲያይ ሳያነብ ይዘጋዋል። እባካችሁ አንብቡት። ኮምፒውተር የታመመበትን ቦታ እንዲህ በግልጽ የሚናገረው ከስንት አንዴ ነው። ማስጠንቀቂያውን ዘልሎ ለማለፍ የሚያስችል ቁልፍም አንዳንዴ ይሰጣል፤ እሱን ተወው፣ በተለይ የባንክና የኢሜይል ገጽ ላይ።

አሁን ታስክባሩ (ስክሪኑ ግርጌ ያለው መስመር) ላይ ያለውን ሰዓት በቀኝ ክሊክ ተጫንና "አጀስት ዴት ኤንድ ታይም" ውስጥ ግባ። "ሴት ታይም አውቶማቲካሊ" የሚለውን ለጊዜው አጥፋው። ቀኑን በእጅህ አስተካክል፤ የፈረንጅ ቀኑን ከእህትህ ስልክ እይ። ታይም ዞን ላይ አዲስ አበባ የሚል ስትፈልግ እንዳትደክም፣ ዊንዶውስ የሚያሳይህ "ናይሮቢ" የሚል ነው፤ እሱን ምረጥ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ሰዓቱንም በፈረንጆቹ ሙላ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ 9፡00 ኤኤም ትላለህ። ከዚያ አውቶማቲኩን መልሰህ አብራና "ሲንክ ናው" የሚለውን ተጫን። መጀመሪያ በእጅህ አስተካክል ያልኩህ፣ ልዩነቱ የዓመታት ሲሆን ዊንዶውስ በራሱ ለማረም እሺ ላይል ስለሚችል ነው። ብራውዘሩን ዘግተህ ክፈት፣ ጎግል ይመጣል።

ይሄ ግን የሚቆየው መብራት እስኪሄድ ነው። ላፕቶፕ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓት የሚቆጥረው ማዘርቦርዱ (ውስጡ ያለው ዋናው ሰሌዳ) ላይ ባለች ትንሽ ባትሪ ነው። ያንተዋ አልቃለች። ትልቁ ባትሪ ደህና ቢሆን ኖሮ እሱ ይሸፍንላት ነበር፤ እሱም ሞቷል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሰዓቱን የሚይዝለት የለም። ኤፍ 1 ተጫን የሚልህ ጥቁር ስክሪንም ይህንኑ ሊነግርህ ነው የሚለፋው።

ትንሿ ባትሪ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ 3 ቮልት። የእጅ ሰዓት የሚጠግኑት ሰዎች ጋርም አትጠፋም። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ እንዲሁ ትሰካለች። ብዙዎቹ ላይ ግን በፕላስቲክ ተጠቅልላ ቀይና ጥቁር ሽቦ፣ ጫፉ ላይም ትንሽ ሶኬት አላት። ያንተ ሽቦ ያላት ከሆነች አሮጌዋን ይዘህ ሂድና ሶኬቷ የሚገጥመውን ግዛ። ሽቦውን ቆርጦ ተራዋ ባትሪ ላይ በሶልደር ሊለጥፍልህ የሚነሳ ካለ አትፍቀድለት። ሊቲየም ባትሪ በቀጥታ እሳት ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ለእንግዳ የማከራያቸው ክፍሎች አሉኝ። አዲስ ራውተር ካስገባሁ ወዲህ የእንግዶቹ ስልክ ሁሉ ይይዛል። ሂሳብ የምሠራበት አሮጌው ላፕቶፕ ግን የዋይፋዬን ስም እንኳ አያሳይም። የጎረቤቴን ያሳያል። ሰዉ "የጣና እርጥበት ውስጡን በልቶት ነው" ይለኛል። እውነት ነው?
ወ/ሮ ት. (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጣናን እንኳ ለቀቅ ያድርጉት። እርጥበት ላፕቶፕ አይጎዳም አልልዎትም፤ ውኃ ዳር የከረመ ማሽን ስከፍት ብሎኑ ዝጎ አገኘዋለሁ። ግን እርጥበት የጎረቤትን ዋይፋይ መርጦ እያሳየ የእርስዎን አይደብቅም። የጎረቤትዎን ካየ የላፕቶፕዎ ዋይፋይ ጤነኛ ነው።

እኔ የምጠረጥረው አዲሱን ራውተር ነው። የዛሬ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፦ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። ከአሮጌ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 5ን ጨርሶ አያዩትም። ራውተርዎ 5 ላይ ብቻ ተደርጎ ከሆነ ለላፕቶፕዎ የለም ማለት ነው። ራውተሩን ለገጠመልዎት ባለሙያ "2.4ን አብራልኝና የተለየ ስም ስጠው" ይበሉት። ቻናሉንም ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱ ላይ ያድርገው፤ 12 እና 13ን የማያዩ ላፕቶፖች አሉ። ስሙ መታየት ጀምሮ አልገባም ካለ ደግሞ የጥበቃው ዓይነት ደብሊውፒኤ 3 ብቻ ተደርጎ ይሆናል። ወደ ደብሊውፒኤ 2 ይመልሰው።

2.4 ፍጥነቱ ቢያንስም ግድግዳ በማለፍ ይበልጣል፤ ለተደራረቡ ክፍሎችም እሱ ይሻላል። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወይም ከቆርቆሮ አጠገብ ከሆነ ግን አውጥተው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያድርጉት። ቆርቆሮ ሁለቱንም ይመልሳቸዋል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ባለሙያው ከመጣ አይቀር ለእንግዶች ለብቻው "ጌስት" የሚባለውን ኔትወርክ ይክፈትልዎት። ሂሳብዎ ያለበት ላፕቶፕና መጥቶ የሚሄደው ሰው ሁሉ አንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸው ደስ አይለኝም።

ጥያቄ፦ የቢሮ ላፕቶፕ ነው፤ በአማርኛ ደብዳቤ እጽፍበታለሁ። ዋይፋይ ስከፍት ፓስወርዱ ስህተት ነው ይለኛል። ያንኑ ፓስወርድ ስልኬ ላይ ሳስገባ ግን ይቀበላል።
ሰ. (ከፔዳ አካባቢ)

መልስ፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደሆነ ነው ፓስወርዱን የሚጽፉት። ነጥብ ነጥብ ብቻ ስለሚታይ አይታወቅዎትም። ሳጥኑ ጫፍ ላይ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭነው ይያዙ፤ የጻፉት ይታያል። የአማርኛ ፊደል ካዩ ዊንዶውስና ስፔስ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። የሚጽፉት ለብቻው በተጫነ የግዕዝ ሶፍትዌር ከሆነ እሱን ያጥፉት። ፓስወርዱን ከቴሌግራም ኮፒ አድርገው ከሆነም ጫፉ ላይ ባዶ ቦታ ተከትሎ እንዳይገባ ይመልከቱ።

ይህም ካልሆነ ጥርጣሬዬ ወደ ዋይፋይ ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከዋይፋዩ ዕቃ ጋር ወደሚያግባባው ፕሮግራም) ይሄዳል። ድራይቨር ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ስልክዎን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ይሰኩና ከስልኩ ሴቲንግ "ዩኤስቢ ቴተሪንግ"ን ያብሩ፤ ላፕቶፑ ያለ ዋይፋይ ኢንተርኔት ያገኛል። ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ በሞዴሉ ስም ይፈልጉ። ብቻ ኬብሉ ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ከርካሾቹ ውስጥ ቻርጅ ከማድረግ ሌላ የማይችሉ አሉ።