መልስ፦ ጊታሩ ለምን አይከብድም?
«ጎንደር በብሎኬት ክፍል እንደ ድሮው አብረን እየተጫወትን የሮክ አልበም ስንቀዳ ጊታሩ ይጨማለቃል» ላልከው፤ ወንድሜ፣ ዲስቶርሽኑ (የጊታሩ ድምፅ መሻከር) በዝቶባችኋል። ጌይኑን፣ ማለትም ሻካራነቱን የሚጨምረውን ቁልፍ፣ በልምምድ ጊዜ ከምትጠቀሙት በግማሽ ቀንሱት፤ ክብደቱን ቤዝ ጊታሩ ይሸከመዋል። ከጊታሩ ቀረጻ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡት። አብራችሁ ከቀዳችሁ በኋላ ጊታሪስቱ ያንኑ ዳግም ተጫውቶ ይደርብ፤ አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ። ያንኑ ቀረጻ ኮፒ ማድረግ ድምፁን ይጨምራል እንጂ ስፋት አይሰጥም።

የጊታሩን ቅኝት ወደ ዲ ካወረዳችሁ ቀጭኑ 10 ቁጥር ክር ይላላል፤ ወፈር ያለውን 11 ግጠሙና ኢንቶኔሽኑን (ክሩ በአንገቱ ሁሉ ላይ ቅኝቱን መጠበቁን) እንደገና አስተካክሉ። ማይኩን ከስፒከሩ 3 ሳንቲሜትር ያህል አስጠግታችሁ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ዳር አድርጉት፤ ልክ መሃሉ ላይ ጆሮ ይበሳል። ግድግዳ ላይ ጋቢ መስቀል ለቤዝ ጉርምርምታ ምንም አይረባም፤ ጥግ ጥጉ ላይ ወፍራም የጥጥ ፍራሽ አቁሙ። መብራት ሳይሄድ ደግሞ ሴቭ!