ስቴሽን ዋገኗ ትሸጥ ወይስ ትቆይ?

ደብዳቤ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። መምህርት ነኝ፣ የሦስት ልጆች እናት። ባለቤቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት አሮጌ የናፍጣ ኮሮላ ስቴሽን ዋገን ገዛ። እኔ እንደ ሰው ቪትዝ ነበር ያማረኝ። እሱ ግን «ቪትዝ ለሁለት ሰው ናት፤ የኛ ቤት ደግሞ ሰው አያጣም» አለ። እውነቱን ነው፣ አያጣም።

ጣጣው ጠዋት ይጀምራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ግቢው ውርጭ ለብሶ ሲያድር መኪናዋ አልነሳም ትላለች። ሞተሪኖው ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል። የጎረቤታችን ማድ ቤት ከአጥራችን ጋር የተያያዘ ነው። ሴትዮዋ ጨዋ ናቸው፣ አይናገሩም፤ መስኮታቸውን ግን ጓ አድርገው ይዘጋሉ። እንቢ ያለች ቀን ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ይገፏታል። ትምህርት ቤታቸው እኮ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም! ከተነሳችም በኋላ ባለቤቴ «ትሙቅ» ብሎ ግቢ ውስጥ ረጅም ሰዓት ያቆማታል።

ሌላው ዘመድ ነው። አማቴ መንዝ ናቸው፣ ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ወይ ወደዚያ ወይ ወደዚህ እንሄዳለን። ብቻችንን ሄደን ግን አናውቅም። ለቅሶ ካለ «የእናንተ ሰፊ ናት» ይባላል። ስንመለስ ከመንዝ በግና ገብስ፣ ከሮቢት ሽንኩርት በጆንያ ነው። ጣሪያው ላይ ካለው ፖርቶመጋላ የተረፈው ውስጥ ይገባል። ሰው ሲበዛ ትንንሾቹ ከኋላ ከዕቃው ጋር ይቀመጣሉ፤ እነሱ እንኳን ደስ ይላቸዋል። ናፍጣው ግን ከኛ ደመወዝ ነው። ባለቤቴ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቶ፣ ፎሌ አድርጎ ስለሚወርድ «ምንም አትበላም» ብሎ ይምልልኛል።

ሸጠን ትንሽ የቤንዚን መኪና እንግዛ ስለው ያኮርፋል። ምን ይሉኛል?

*የሦስት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን*

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ልጆቹን ከዚያ ከኋላ አውጪልኝ። ስለ ጭሱም ስለ ዘመዱም እመለስበታለሁ፤ ይሄ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም።

የስቴሽን ዋገን ኋላ የዕቃ ቦታ ነው። ወንበር የለው፣ ቀበቶ የለው። ባለቤትሽ ድንገት ፍሬን ቢይዝ የሽንኩርቱ ጆንያ ወደፊት ይመጣል፤ ልጁ ደግሞ በጆንያውና በወንበሩ መሀል ነው። ከኋላ መኪና ቢገጫችሁ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። መኪናዋ የተሠራችው ለአምስት ሰው ነው። ስድስተኛው ሰው አማትሽም ቢሆኑ በሌላ መኪና ይሂዱ፤ የሚኒባሱን ሒሳብ እናንተ ክፈሉ። ልጆቹ ደስ ይለናል ማለታቸውን ተዪው። ልጅ ጣሪያ ላይ ጫኑኝም ይላል።

መንገዳችሁን ደግሞ አውቀዋለሁ። ጣርማ በር ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ነች። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የቦረቦሩትን ዋሻ አልፋችሁ ደብረ ሲናን ይዛችሁ ስትወርዱ፣ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ይህን ነው ባለቤትሽ በፎሌ የሚወርደው!

ይህን አንቀጽ ለእሱ አንብቢለት። ወንድሜ፣ ፎሌ ናፍጣ አይቆጥብም። ናፍጣ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ እግርህ ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ፣ ቁልቁለቱ ራሱ ያዞረዋል። ያኔ ፓምፑ ወደ ሞተሩ ናፍጣ መርጨት ያቆማል። ፎሌ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ፓምፑ መርጨቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ናፍጣ የምታባክነው እቆጥባለሁ ባልክበት ሰዓት ነው። ያም ሆኖ ናፍጣው ትንሹ ጉዳይ ነው። በፎሌ ስትወርድ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። አምስት ሰው፣ ጆንያና በግ ጭኖ እስከ ሮቢት ድረስ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረግጡት አይዝም። ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተው የሚወርዱም አሉ። አንተ እንደማታደርገው ተስፋ አደርጋለሁ፤ የፍሬኑ አጋዥ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ነውና ከጠፋ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። የድሮ ሹፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት ለዚህ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ነጩ ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ እሳት የምትጭርለት ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ያግለዋል፤ ናፍጣው የሚነደው በዚያ ግለት ነው። በውርጭ ጠዋት ግን የሞተሩ ብረት በረዶ ስለሆነ ግለቱን ይሰርቀዋል። ለዚህ ሲባል በየሲሊንደሩ አንድ አንድ ማሞቂያ ካንዴላ ተቀምጧል። የናንተ ሞተር አራት አለው። ከአራቱ ሁለቱ ከተቃጠሉ የቀሩት እንደምንም ያስነሱታል፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤትሽም መስኮት ይዘጋሉ። በቆላ ብትኖሩ ይህን ችግር ዓመት ሙሉ ላታውቁት ትችሉ ነበር። መካኒኩ አራቱንም አንድ በአንድ ይፈትሻቸው። ባትሪውንም እግረ መንገዱን ይይ፤ ብርድ የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል። ቁልፉ ሲከፈት ዳሽቦርዱ ላይ ጥምዝምዝ ያለች ቢጫ ምልክት ትበራለች። እስክትጠፋ መታገስ ነው። ብዙ ሰው አይታገስም።

ሰፈር ውስጥ «ናፍጣው ረግቶ ነው» የሚል አይጠፋም። ናፍጣ እስኪረጋ ድረስ ከዜሮ በታች በደንብ መውረድ ያስፈልጋል፤ የደብረ ብርሃን ጠዋት ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ግፊውም ይቅር። ጥርስ ያለው የሞተር ቺንጋ (ቀበቶ) ያረጀ ከሆነ በግፊ ሲነሳ ጥርስ ሊዘል ይችላል። ያ ከሆነ ሞተር ማውረድ ነው። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የማታውቁ ከሆነ ዛሬውኑ አስቀይሩት።

ጥቁር ጭስ ሌላ ነው። ዳገት ላይ የምታዩት እሱ ነው። ናፍጣው በዝቶ አየሩ ሲያንስ ይመጣል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል። መንዝ ደግሞ ይብሳል። የአየር ፊልትሮው ከተደፈነ ጨርሶ ታፈነ ማለት ነው። እሱን መቀየር ርካሽ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

«ትሙቅ» የሚለውንም ተዉት። ናፍጣ ሞተር ቆሞ ቶሎ አይሞቅም። አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ከሆኑት መድቦታል። ያንን ጭስ ጠዋት ጠዋት ለገዛ ልጆቻችሁና ለሴትዮዋ ማድ ቤት ማደል ምን ይባላል?

እንዲያውም ሁለት ኪሎ ሜትር ለማይሞላ ትምህርት ቤት መኪናዋን ጭራሽ አታስነሷት። ሳትሞቅ ነው የምትመለሰው። እንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ናፍጣ ይፈጃል፣ ሞተሩን በጥላሸት ይሞላል። ልጆቹ በእግራቸው ይሂዱ፤ ዝናብ ከሆነ ባጃጅ አለ።

አሁን ስለ መሸጡ። ባልሽ መኪና ሲመርጥ አልተሳሳተም ባይ ነኝ። የተጫነ መኪና ረጅም ዳገት ማውጣት የናፍጣ ሥራ ነው፤ በሊትር የሚሄደውም ከቤንዚኑ ይበልጣል። ዋጋው ግን እንደ ድሮው አይደለም። በታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በወጣው ታሪፍ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር። «ናፍጣ ርካሽ ነው» የሚለውን ክርክር ከእንግዲህ አትቀበዪው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለም ቪትዟን የምታገኚው እዚሁ ከተነዳው ላይ ነው። ያንቺን አሮጌ ሸጠሽ የሌላ ሰው አሮጌ ትገዣለሽ።

የዘመዱ ነገር ከሁሉ ይከብዳል፣ ምክንያቱም መኪና ስትቀይሪ አብሮ አይለወጥም። ቪትዝም ቢኖራችሁ ለቅሶ ይመጣል። የኛ ሰው ለናፍጣ ብሎ ብር ሲዘረጋ «ኧረ ተዉ!» ማለት ልማዳችን ነው፤ ባልሽም እንደዚያ ይላል ብዬ እገምታለሁ። ከእንግዲህ ይቀበል። አምስተኛው ወንበር ከሞላ ደግሞ «ቦታ የለም» የምትለው አንቺ አትሁኚ፣ እሱ ይበል። መኪናውን የወደደው እሱ አይደል? ጆንያው ሲበዛ ወደ ፖርቶመጋላ አይሽቀንጠር፤ ላይ የተጫነ ሸክም ኩርባ ላይ መኪናውን ያዘነብለዋል። የሮቢት ሽንኩርት በጭነት መኪና ቢመጣላችሁም ሽንኩርት ነው።

ካንዴላዎቹና ባትሪው ተስተካክለው አሁንም በውርጭ ጠዋት አልነሳ ካለች፣ መካኒኩ የሞተሯን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየሩን የመጭመቅ ጉልበቷን፣ ይለካ። ያ ከወረደ ሞተሩ አልቋል፤ ያኔ ባልሽ ቢያኮርፍም ሽጧት።