በገናና ዶሮ ወጥ፦ ደስታቸው አንድ ነው?

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በገና እሰማለሁ። ስለ ሞት እያዜመ ያስለቅሰኛል፤ እኔ ግን ደግሜ እከፍተዋለሁ። ባለቤቴ «ነፍስህ ወደደችው፣ አለቀ። እኔም የፋሲካ ዶሮ ወጥ ደስ ይለኛል። ምን ልዩነት አለው?» ትለኛለች። ልዩነት ያለ ይመስለኛል፤ ማስረዳት ግን አቃተኝ።
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ልዩነትማ አለው። የፋሲካውን ዶሮ ግማሹን የሚያጣፍጠው የ55 ቀኑ ጾም ነው። ጥቂት እንደበሉ ጉጉቱ ይበርዳል፤ ሲጨመርልዎ «በቃኝ» ይላሉ። በገናው ግን የሚያስታግሰው ረሃብ የለም። ጭራሽ ያስለቅስዎታል። ታዲያ ለምን ይደግሙታል? ድምፁ ራሱ ስለያዘዎት ነው።

እስቲ ዛሬ ማታ ግጥሙን ለጊዜው ይተዉትና አውታሩን ይከተሉ። አውታሩ ከበግ አንጀት የተሠራ ነው። አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት፣ በበርኩማው ላይ፣ በአውታሩ ሥር፣ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ የሚነዝር ድምፅ የእሷ ሥራ ነው። ደርዳሪው እንዚራዋን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ እያደረገ ድምፁን ይፈልገዋል። እሷ ብትወጣ አውታሩ ጥርት ይላል፤ ያ ሆድ የሚያባባው ክብደት ግን አይኖርም። ይህን ለባለቤትዎ «እዚህ ጋ ስሚው» ብለው ማሳየት ይችላሉ። ለጠገበ ሰው ረሃብን ማሳየት ግን አይቻልም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አንስቷል። የካናሪ ወይን ጠጅ «ለእኔ ይጥመኛል» ማለት ይበቃል፤ «ውብ ነው» ስንል ግን ሌላውም እንዲስማማ እንጠብቃለን ይላል። በዚህ እስማማለሁ። ምላስን ከውበት ደጅ ማስቀረቱ ግን አይዋጥልኝም። የእኛን ቡና ቀማሾች ይዩዋቸው። ይርጋጨፌውን በማንኪያ ፉት ብለው ይተፉታል! ሊጠጡት አይደለማ። የአበባው መዓዛ መቼ እንደሚመጣ፣ ኮምጠጥ የሚለው የት ላይ እንደሚለቅ ይከታተላሉ፤ ይከራከሩበታልም።

ስለዚህ ነገሩ ያለው በገና ወይም ወጥ በመሆኑ ላይ ሳይሆን ልባችን ምኑ ላይ እንዳረፈ ነው። በገናውንም እንቅልፍ እንዲወስደው ብቻ የሚከፍት ሰው አለ። ባለቤትዎን ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ጠግባ ሳለች የጎረቤት ዶሮ ወጥ ብትቀምስ፣ ሽንኩርቱ በደንብ መቁላላቱን፣ መከለሻው መብዛቱን ለይታ ትነግርዎታለች? ከነገረችዎ፣ እርስዎ እንዚራዋን ሲያዳምጡ የሚያደርጉትን እሷም በምላሷ እያደረገችው ነው።